ሁለተኛው ዓይኔ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ልሳል ነው! እኔ በለጡ፣ በሸራ ላይ፣ በቀለም፣ ከነመጽሐፎቼ! አለቃ ወልደ ሐዋርያት ዛሬ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆመው «እስቲ ቀና በይ» አሉኝ፤ ቀና ስል ደግሞ «በቃ፣ የምስለው አንቺን ነው» ብለው ቁጭ አሉ።

ውይ፣ ሰላም እንኳን ሳልልሽ! እንደምን አለሽ ደብተሬ? ልጄ ሶሬቲ ለፋሲካ ያመጣችልኝ አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ማንንም አታውቂም፤ ቶሎ ላስተዋውቅሽ። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። ከፊት ያለችው የቆርቆሮ ክፍል የእኔ መጽሐፍ ማከራያ ናት። ባሌ ቱሉ ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቶ አሁን ወገቡ እምቢ ስላለው እቤት ነው። እሱ ያልረገጠው አገር የለም፣ መጽሐፍ ግን ገልጦ አያውቅም። እኔ ያላነበብኩት አገር የለም፣ ከደብረ ዘይት ግን አልፌ አላውቅም። ስንጋባ ሰው ሁሉ «ምን ሊያወሩ ነው?» ይል ነበር። እሱ አየ፣ እኔ አወራሁ። ተግባባን።

አለቃ ደግሞ ከላይ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው። ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያው ደንበኛዬ እሳቸው ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንደ አባት አድርገን ይዘናቸዋል። አሁን «መሰላል መውጣት ሰለቸኝ» ብለው የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይቀበሉም። «አንቺን ግን ቁጭ ብዬ እስልሻለሁ። መጽሐፍሽን ይዘሽ፣ ከኋላሽ ያላየሻቸው አገሮች ሁሉ ተደርድረው» አሉኝ። ሱቄ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። ሰፈሩ በሙሉ እስከ ምሳ ሰዓት ሰምቷል። እኔ ነኝ የነገርኩት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነበር። ከቅዳሴ መልስ ከቱሉ ጋር ዳገቱን ወጣን። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ እንደ ሙሽራ። አለቃ ስለ ቀሚሴ ምንም አላሉም። ወንድ ሁሉ አንድ ነው ብዬ አለፍኩት።

«እንደ ድንጋይ አትገተሪብኝ፤ እያነበብሽልኝ ተቀመጪ» አሉ። «ፊትሽ ሲያነብ ነው የምፈልገው።» ደስ አይልም? ስንት ሰዓሊ እንዲህ ያስባል?

የወሰድኩት ሽፋኑ የተቀደደ፣ የጻፈው ሰው ስም አብሮ የጠፋ፣ የበረዶ አገር ጉዞ ነው። አንድ ሰውዬ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ምድሩም ሰማዩም ነጭ በሆነበት አገር ይሄዳል። ሳነብ አለቃ ብሩሻቸውን አቁመው «ሁሉም ነጭ ከሆነ መንገዱን በምን ያየዋል?» አሉኝ።

«እንጃ አለቃ። ይለምደው ይሆናል።»

«አይለመድም» አሉ። እዚያ ሄደው እንደመጡ!

ከኋላዬ የሚሳለውን አገር የሚነግራቸው ቱሉ ነው። ዛሬ ባሕር ላይ ነበሩ። ቱሉ በወጣትነቱ አሰብ ድረስ ነድቷል። «መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው፤ ይኸው እንደዚህ» ብሎ ወደ ላይ ጠቆመ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘው ነበር። ሦስታችንም አዳመጥን። እስከ ዛሬ ስሙን ልብ ብዬው አላውቅም፤ የባሕር ዛፍ! ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው አሉ። ባሕር ሳላይ በባሕር ዛፍ ሥር ይኸው ሃምሳ ዓመት አለፈኝ፤ ለካ ድምፁን ስሰማው ነው የኖርኩት።

ከዚያ አለቃ ብሩሻቸውን ነክረው ባሕሩን ጀመሩት። ቀይ! ደማቅ ቀይ፣ እንደ በርበሬ።

«አለቃ፣ ባሕር እኮ ሰማያዊ ነው» አልኩ።

ብሩሻቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና «ስሙ ቀይ ባሕር አይደል?» አሉኝ።

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቱሉ ግን ሳቁን ጀምሮ ዋጠው። እሱ ደግሞ ቀልድ ቶሎ አይገባውም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ቸኩያለሁ፣ ደንበኛ ቆሟል። አለቃ አሁን በሱቄ በር አለፉ። ፈገግ ብዬ እጄን ባወዛውዝላቸው ፊት ለፊት እያዩኝ ጥለውኝ ሄዱ! ውዴም አየች። ውዴ ከበሬ አጠገብ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ናት። «ኧረ ኮሩብሽ! ይስሉኛል ብለሽ አገር ያዳረስሽው እኚህን ነው?» አለችኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ዛሬ ግን ደህና ነበሩ። ገና ከአጥሩ ውጭ እያወራሁ ስመጣ «በለጤ መጣች» ብለው ተነሱልኝ። ታዲያ ዓርብ ምን ሆነው ነው?

የቀለም ቆርቆሮ እያነሱ «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉኛል። «ሰማያዊ።» «ይሄስ?» «አረንጓዴ፣ እንደ ጎመን።» «ጎበዝ!» እንደ ተማሪ ይፈትኑኛል። ጎበዝ መባል ግን ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

የበረዶው ሰውዬ ዛሬ ታወረ። የበረዶ ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል አሉ። ጓደኞቹ ወገቡን በገመድ አስረው ይመሩታል። አለቃ ይሄን ምዕራፍ ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩ። አንዴ ደግሞ አሉ። ጀብዱ እንዲህ የሚወዱ አይመስለኝም ነበር።

«ከዚያስ? አየ?»

ከዚያማ የለም። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። የኪራይ መጽሐፍ በሽታው ይሄ ነው። አንዱ መጨረሻውን ወዶት ይገነጥለዋል፣ ሌላው ስኳር ይጠቀልልበታል። የሚጨመርበትም አለ እንጂ! ገጽ መሀል የታክሲ ደረሰኝ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ግማሹ የተቀደደ ጉርድ ፎቶ አግኝቻለሁ። ውዴ የመለሰችውን ስገልጠው የሽንኩርት ልጣጭ ይወድቃል። ሞያሌ ደርሶ የተመለሰ መጽሐፍ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ሳራግፈው አሸዋ ይወጣዋል። ከእኔ ይልቅ መጽሐፎቼ አገር አይተዋል።

ለአለቃ «ገጹ የለም» ስላቸው ፊታቸው ወደቀ። ለአንድ ተረት!

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ሰፈሩ በር ላይ ንፍሮ አውጥቶ ተቀምጦ ዋለ። ጨዋታው ደርቶ አፌ አመለጠኝ። ለውዴ፣ «አለቃ እጃቸው ደክሟል መሰለኝ፤ አንዲት ግመል ለመሳል ስንት ቀን ፈጀባቸው» አልኳት። ሰው አጠገባችን ነበር? ማን ሰማኝ? ይደርሳቸው ይሆን?

እሑድ፣ ግንቦት 3

ምነው ባላየሁት።

ከባሕሩ ቀን ወዲህ አለቃ ሥዕሉን ጨርቅ ያለብሱታል፤ ሳያልቅ አይታይም ይላሉ። ዛሬ ውሃ ሊቀዱ ወደ ጓሮ ሲሄዱ ጨርቁን ገለጥ አደረግኩት። አገሩ ሁሉ አለ፦ ቀዩ ባሕር፣ ጨው የተጫኑት ግመሎች፣ የበረዶው ውሾች። እኔም አለሁ። መጽሐፌን ይዤ፣ ፊቴ ትንሽ ዞር ብሎ። አንድ ዓይን!

አንድ ዓይን ብቻ። ያኛው ቦታ ላይ ምንም የለም፣ ቆዳ ብቻ።

እማዬ በልጅነቴ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያሳየች ያስተማረችኝ ይሄንኑ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሻል፤ ክፉ ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ሰይጣን በአንድ ዓይን። ይሁዳ በአንድ ዓይን። አለቃ ደግሞ ይሄን ሥርዓት ከእናት ጡት ጋር የጠጡት ናቸው፤ ተሳስተው አያደርጉትም።

ግመሏ እንኳን ሁለት ዓይን አላት!

የልደታው ወሬ ደርሷቸዋል ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አፌ! ይሄ አፌ!

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሶሬቲ ከየካ አባዶ ደወለች። ልጄ እዚያ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው የምትኖረው። ነገርኳት።

«ማሚ፣ ፕሮፋይል ነው እኮ! በጣም ሞደርን ነው። ለፌስቡክሽ ፕሮፋይል ታደርጊዋለሽ።»

«ይሁዳ አድርገውኝ ነው ስልሽ!»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ ድራማ አታብዢ።»

ለቱሉም ነገርኩት። ጫማውን እያሰረ «ሄደሽ ጠይቂያቸው» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። አልሄድም!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አልሄድኩም። ቱሉ ብቻውን ይወጣል፣ ከወትሮው በበለጠ። ሾርባ በፔርሙስ ይዞ ይሄዳል። ባለቤቴ ለሰደቡኝ ሰው ሾርባ!

«ስለ እኔ ጠየቁህ?» አልኩት።

«የት ጠፋች አሉ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ሥራ በዝቶባታል አልኩ።»

መጽሐፍ ላነብ ስገልጥ ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይን ያለው ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የዛሬውን ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። ቁርጡን ልጠይቃቸው ነው። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላዬን ሶሬቲ ስለወሰደችው የቱሉን የሾፌርነት ካፖርት ደረብኩ፤ ኮፍያውንም። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። «ምን በደልኩዎት? ተናገርኩ እንጂ ሸጥኩዎት?» ደርሼ አጥሩን ስገባ ግን ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እኔ! ንግግር ጠፋኝ!

አለቃ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከእኔ እስከ እሳቸው ከዚህ አልጋ እስከ በሩ ቢሆን ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቱሉ፣ መጣህ? ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ» አሉኝ።

ቀልድ መሰለኝ። 

«ምነው ዝም አልክ? ነገርካት እንዴ? እንዳትነግራት ብዬህ! የዓይኗን ነገር እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት።» በትራቸውን በዳበሳ ፈለጉት፤ አጠገባቸው ተጋድሞ ሳለ አላገኙትም። «አንዱን ዓይን በልቤ ሳልኩት። ስንት ዘመን የማውቀው ዓይን ነው፣ ማየት አላስፈለገኝም። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ጋር መስማማት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ሞከርኩ፣ ጭጋጉ ሸፈነኝ። ፋቅኩት። ደግሜ ሞከርኩ፣ ፋቅኩት። ጠማማ ዓይን ሰጥቼ ሰው እንዲስቅባት ከማደርግ ጎደሎ ትቆየኝ ብዬ በፊቷ ቀለም ሸፈንኩት።»

ዝናቡ ኮፍያው ላይ ይወርዳል። እኔ ቆሜያለሁ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ልትለኝ ከሆነ ግን መልሴ ያው ነው። አባቴም እንዲህ ጀመረው። አንድ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ነካካውና የነበረችውም ጭላንጭል ጠፋች። እኔ ይቺ ያለችኝ ትብቃኝ።»

ምን ልበል? አፌን ብከፍት ያውቁኛል። ቱሉ ነገር ሲከብደው እንደሚያደርገው «እህ» አልኩና ዞሬ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ቀሚሴን ሳያዩት የቀሩት፣ በሬን ዝም ብለው ያለፉት፣ «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ ቀለም ያስጠሩኝ! እኔ ደግሞ ጎበዝ ተባልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ!

ቱሉ ካፖርቱን ሲያይ ገባው።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት።

«ባሕሩ ቀይ የሆነ ቀን። አለቃ ባሕርን በስሙ የሚስሉ ሰው አይደሉም።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ነገር ሲከብደው በኦሮምኛ የሶሬቲ እናት ብሎ ይጠራኛል። «ሃዳ ሶሬቲ፣ አንቺ ዘንድ ጠዋት የገባ ወሬ ከሰዓት ኮተቤ ይገኛል። ሰዓሊ ናቸው። ሰፈሩ ‹አለቃ ታወሩ› ሲል ከሚሰሙ ቢሞቱ ይመርጣሉ።»

እውነቱን ነዋ። ይሄ ከአንድ ዓይኑም በላይ አመመኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ለማንም አልተናገርኩም። ውዴ ሁለት ቀን ሙሉ አፍጥጣ አየችኝና «በለጡ፣ አሞሻል? ዛሬ እኮ ሰላም ብቻ ነው ያልሽኝ» አለች። ጥርሴን አሞኛል አልኳት። ዝንጅብል ሰጠችኝ። አኘክሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ዛሬ ብቻዬን ወጣሁ፤ በራሴ ልብስ፣ ከሩቅ እያወራሁ።

«በለጤ! ጠፋሽ እኮ!» ብለው ሲነሱ አቅፌ ሳምኳቸው። ከዚያ ተቀመጥኩና «አለቃ፣ ደስ ይበልዎት! የበረዶውን አገር ሙሉውን መጽሐፍ ከአንድ የኮተቤ ደንበኛ አገኘሁት፤ መጨረሻው አለ» አልኩ። በእጄ ያለው ያው የተገነጠለው ነው። ማንበብ ጀመርኩ።

«ከዚያም በአንድ ጠዋት ሰውዬው ነቅቶ የውሻውን ጆሮ አየ። ቀጥሎ የገመዱን ቋጠሮ አየ። ድንኳኑ ውስጥ ወዳጆቹ ተሰበሰቡ። አንደኛው ሐኪም ነበረና፣ ‹እንኳን አስነካኸው፣ ፈርተህ ብትቀር ኖሮ ይሄን ሁሉ አታይም ነበር› አለው። የጎረቤት ሴቶችም እልል አሉ።»

«በበረዶ አገር?»

«አዎ።»

«እልልታ?»

«እነሱም አላቸው አለቃ፣ ሰው አይደሉም እንዴ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ደራሲ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው እንዴ የተወለደው?»

አቀረቀርኩ። ነፋሱ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይንሾካሾካል። «ቱሉ ነገረሽ» አሉ።

«ቱሉማ ቢሰቅሉት አይናገርም። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ማክሰኞ ዝናብ ውስጥ የቆመው ካፖርት እኔ ነበርኩ።»

ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሳላቋርጥ ሁሉንም አፈረጥኩት፦ ጨርቁን መግለጤን፣ ይሁዳ ያደረጉኝ መስሎኝ መቀየሜን። ይሁዳ ስል እጃቸውን ከፊታቸው አነሱ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው! እስኪያስላቸው ሳቁ።

«የሞኝ ልጅ! ይሁዳ ብስልሽ ኖሮ መጽሐፍ አስይዝሻለሁ? ከረጢት ነበር የማስይዝሽ!»

«ታዲያ ሁለተኛውን ዓይኔን ይስጡኝ።»

ሳቁ ቆመ። «በለጤ፣ አልችልም።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ፈራሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ከነካኩት በኋላ ጨለማ ቢሆንስ? አሁን ቢያንስ የሰው ጥላ ይታየኛል። በሩ ላይ ስትቆሚ ጥላሽን አያለሁ።»

ሰው የሚያጽናኑ ቃላት ሁሉ አፌ ላይ ነበሩ፤ አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምናምን። አላልኳቸውም። «እሺ» አልኩ። «እኔንም ሌላ ሰዓሊ አይነካኝም። አንድ ዓይኔን ይዤ ሱቄ ግድግዳ ላይ እሰቀላለሁ። የገባው ሁሉ ‹ይህቺ ሴትዮ ማንን ሸጣ ነው?› ይበል።»

«ክፉ ነሽ።»

«እንግዲያው በአንድ ዓይን መሳሌ ልክ ነበር።»

በትራቸውን አንስተው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ፣ «ለማን ለማን ተናገርሽ?» አሉኝ።

«ለማንም።»

«አንቺ?»

«ለውዴ እንኳን! ዝንጅብል አኝኬ።»

እጃቸው በአየር ላይ ትንሽ ከፈለገኝ በኋላ ራሴ ላይ አረፈ። «እዚያ ሐኪም ቤት በር ላይ ተቀምጠሽ ታነቢልኛለሽ?» አሉ።

«የፈጠርኩትን?»

«የፈጠርሽውን። እልልታውን እንዳትረሺ።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ አባ እያለች በትሕትና አየቻቸው። የዓይን ሞራ ነው አለች። በጣም ጠንክሯል፣ ቆይቷል። ከሞራው ጀርባ ያለው ጤነኛ ከሆነ ያያሉ፤ ካልሆነ ግን ቃል አልገባም አለች። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ብቻ ነው። አለቃ የእኔን ክንድ ይዘው «እሺ» አሉ። ጥፍራቸው ክንዴ ላይ ቀርቷል። እኔ ነኝ የገፋኋቸው። ጨለማ ከሆነስ? እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ገብተዋል። በሩ ላይ ነኝ። ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው፣ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ውሻው፣ ገመዱ፣ እልልታው። ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ቱሉ ቁጭ ማለት አቅቶት ኮሪደሩን ይለካል።

ወጡ። አንድ ዓይናቸው በነጭ ታስሯል። «አሁን ይሁዳው እኔ ነኝ» አሉ። የሚፈታው ነገ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ሐኪሟ ማሰሪያውን ፈታችው። አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀሩ።

«አባ፣ ይግለጡት።»

«ቆይ።»

«አይፍሩ አባ።»

ገለጡት። መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን እጅ ነው፤ አገላብጠው አዩት። «ጥፍሬ ውስጥ ቀለም አለ» አሉ። «ቀይ።» ቱሉ ክንዴን ጨበጠኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ብዙ አዩኝ፤ ፊታቸው ተጨማደደ።

«በለጤ?»

«አቤት አለቃ።»

«ይሄ ሁሉ መስመር መቼ መጣ ፊትሽ ላይ?»

«እርስዎ ሳያዩኝ ነዋ!»

«አርጅተሻል እኮ!»

«እርስዎም መስታወት ይጠይቁ!» እንባዬና ሳቄ ተቀላቀለ። ሐኪሟም ሳቀች። ቱሉ ወጣ ብሎ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ አቧራ ነው አለ። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ አቧራ!

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቀለም መንካት፣ ማጎንበስ፣ አቧራ ሁሉ ክልክል ነው። አለቃ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው የመጽሐፍ ሽፋን ያያሉ። ራሳቸው ያነባሉ፣ በአንድ ዓይን፣ ጮክ ብለው። ትንሽ ቀናሁ፤ ማንበቤ አያስፈልግማ። ይሄን ሳስብ ደግሞ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ተፈቀደላቸው! ዛሬ ወጣን። ጨርቁን ሲገልጡት መጀመሪያ የጮኹት በባሕሩ ነው።

«ይሄን ማነው የሳለው?»

«እርስዎ» አለ ቱሉ።

«ፊት ለፊቴ ቆመህ ዝም አልከኝ?»

«ስሙ ቀይ ባሕር አይደል?» ሲላቸው ሦስታችንም ፈነዳን። ሊያጠፉት ብሩሽ ሲያነሱ ቱሉ እጃቸውን ያዘ። «ይተዉት» አላቸው። ባሕሩ ቀይ ሆኖ ቀረ።

መጽሐፌን ስገልጥ «ዛሬ አታነቢም፤ እዪኝ» አሉ። አየኋቸው። ሰው እንዲህ አተኩሮ አይቶኝ አያውቅም፣ በሠርጌም ቀን። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተቀመጥኩ፤ ቱሉ ይመስክር።

ሲጨርሱ ተጠግቼ አየሁት። ሁለት ዓይን! ግን እኩዮች አይደሉም። አንደኛው የልጅ ዓይን ነው፤ ሱቄን ስከፍት የነበረኝ። ሌላኛው ሥሩ መስመር አለው፣ ትንሽ ደክሞታል፣ ሊስቅ ሲል ነው።

«አንዱን ሳላይሽ ነው የሳልኩት» አሉ አለቃ፣ እንደ ጥፋተኛ። «እንደማውቅሽ። ሌላውን እያየሁሽ። አልተስማሙም። የቱን ላስተካክል?»

«ሁለቱንም አይነኩብኝ!»

ቱሉ ወደ ሥዕሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ አየ። «ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ» አለ። ይሄን ያህል ከተናገረ ዛሬ ብዙ ተናግሯል።

ስንወጣ አለቃ አጥሩ ድረስ ሸኙን። «በለጤ፣ የያዝሽውን ነገር አሁን አውሪው» አሉኝ። «ሁሉንም፣ መታወሬንም። እስከ ኮተቤ ይድረስ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ኮተቤ ደርሷል! የካ አባዶም ደርሷል፤ ሶሬቲ «ማሚ፣ ታክሲ ውስጥ ስለ አንቺ ሲወራ ሰማሁ» ብላ ደወለች። ውዴ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ «ጥርሴን አሞኛል ብለሽ ዝንጅብሌን በላሽ!» ብላ ሽንኩርት ወረወረችብኝ።

አሁን የሰኔ ጾም ስለሆነ ድግሱ ጾሙ ሲፈታ ይሁን ተባብለናል። ቱሉ በግ ያያል፣ እኔ ግድግዳውን እያስጠረግኩ ነው፤ አለቃ ሁለተኛው ዓይናቸው ከመስከረም በኋላ ነው የሚሠራው፤ «እስከዚያ አንቺን ለማየት አንዱ ይበቃኛል» ብለዋል። ሥዕሉን የሚሰቅሉትም እሳቸው ናቸው፤ መሰላሉን ቱሉ ይይዛል።

ሱቄ በር ላይ የሚለጠፈውን ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ ውዴም ሐኪሟም ሰፈሩም፣ የምትከራዩም፣ መጽሐፍ ወስዳችሁ የጠፋችሁም ኑ፣ ለዚያ ቀን አልጠይቃችሁም። የበረዶውን መጽሐፍ መጨረሻ የገነጠልከው ሰውዬ፣ አንተም ና፤ የእኔ መጨረሻ ከአንተ ይሻላል። የአለቃ ወልደ ሐዋርያት የስማቸው ቀን ነው፤ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በለጡ መጽሐፍ ማከራያ። አንድም ሰው እንዳይቀር፤ በሁለቱም ዓይኔ ነው የምቆጥራችሁ።